ጀሪካኑ ሰይፍ ነበር

መጀመሪያ ሰይፍ ነበር። ይሄን ዛሬ ማን ያውቃል?
«አንገረብ»ን የሚጫወት ሁሉ ውሃውን ብቻ ይጠብቃል።
እኔ ግን ነበርኩኝ፤ ፒያሳ፣ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ፣
በአንጓች ጌም ቤት ጓዳ፣ ክረምቱ በቆርቆሮው ሲገባ፣
አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ማራገቢያው የሚያጓራ፣
ውባንተ ከፊቱ፣ እኔ ከጎኑ፣ መብራት እንዳይሄድ ስፈራ።

የመጀመሪያው ጨዋታ እንዲህ ነበር፦
ቀይ ካባ የደረበ ፈረሰኛ፣ ከግንቡ በር የቆመ፣
ሰባት ፎቅ፣ በየፎቁ አርባ ጠላት፣ ፊቱ የጨለመ፤
አርባውን ጥለህ ትወጣለህ፣ አርባውን ጥለህ ትወጣለህ፣
ጣሪያው ላይ መለከት ይነፋል፤ በቃ፣ ነግሠሃል።
«የጎንደር ልጅ ከዚህ ሌላ ምን ያምረዋል?» አለኝ።
«ምንም» አልኩ። ያን ጊዜ እውነት መሰለኝ።

ፈረሱ ቀድሞ ሞተ።
አራት እግር ማስኬድ ማሽኑን አቃተው፣
ሲጋልብ ሣጥን ነው፣ ሲዘል በርጩማ ነው፤
ሁለት ሌሊት ለመነው፣ ሁለት ሌሊት ተቆጣው፣
በአምስተኛው ከጌታው ሥር ፈረሱን አወጣው።
ሰውዬው በእግሩ ቀረ።
ካባውም ሄደ፤ ከሰባቱ ፎቅ አራቱን መብራት በላቸው፣
ሳናስቀምጣቸው ድርግም ሲል፣ ከነመስኮታቸው።

ሰይፉን ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቀው።
ችግሩ፣ ሰይፉ ግራጫ ነው፤ ግንቡም ግራጫ ነው፣
ግራጫ በግራጫ ላይ ማን ሊያየው?
ከስምንቱ ቀለም ቢጫ ተርፎ ነበር፣ በሱ ቀባው፤
አጭር፣ ወፍራም፣ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ የሚወዛወዝ፣
«የወርቅ ነው» ይለኛል፤ እኔም ዝም፣ ልቡ እንዳይቀዘቅዝ።

ያን ሰሞን ቧንቧው ከነጠፈ አስራ አንደኛ ቀኑ፣
ሰጠኝ፣ የአንጓች ታናሽ፣ ከወረፋ መጣ፣ ርሶ ጎኑ፤
ስክሪኑን አየና በሳቅ ፈረሰ።
«ኧረ! ይሄ ሰውዬ በጀሪካን ነው እንዴ የሚማታው?»

ማራገቢያው ብቻ አጓራ።
የኔም ሳቅ መጣ፤ የውባንተን ፊት አይቼ ዋጥኩት።
«ድገመው» አለው።
ልጁ ፈራ። «መሰለኝ» አለ።

ሲነጋ ስመጣ አርባው ጠላት ተሰልፏል።
አይማታም፤ ከቧንቧው ፊት ተራ ይጠብቃል።
አንዱ ቦታውን ይሸጣል፣ አንዷ በተራዋ ድንጋይ አስቀምጣ ሄዳለች፣
አንዷ «ድሮም ከፊትህ ነበርኩ» ትላለች፤
የፈረሰኛው ቀይ ካባ የሷ ሻርፕ ሆኗል።
ከዚያ ሽቅብ፣ ደረጃ በደረጃ፤ ከሮጥክ ይፈሳል፣
ከዘገየህ ይመሻል።
ሞልቶ ያደረሰ የለም። ከሳሙና በር እስከ አዘዞ ተሞክሮ
የሰጠኝ ሦስት ሩብ ነው፣ እስከ ዛሬ ሳይሰበር ኖሮ።

ያኔ በብስኩት የተወራረዱት ዛሬ ባጃጅ ይነዳሉ፣
ልጆቻቸውን አስቀምጠው «ጌም ማለት ይሄ ነው» ይላሉ።
ውባንተን ሲጠይቁት «ከጅምሩ ያሰብኩት ውሃ ነው» ይላል።
እኔ ዝም እላለሁ። ለሠራ ሰው ትንሽ ውሸት ይፈቀድለታል።

ግን ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ከተሰበረው ድንጋይ በስተግራ፣
ጀሪካኑን ካስቀመጥክ (ማንም አያስቀምጥም፣ መድፋቱን ስለሚፈራ)
ሰይፉ እዚያ አለ። የፊተኛው። ግራጫ በግራጫ ላይ።
«ለምን አላጠፋኸውም?» አልኩት አንድ ቀን።
«ሞክሬያለሁ። እሱን ስሰርዘው ጌሙ አይነሳም።
ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

አምና ሱቁ በተዘጋበት ሳምንት፣ ከሩቅ የሚሰማው ሲሰማ፣
ጓዳ ገብቼ ከፈትኩት፣ ባትሪው እስኪያልቅ፣ በጨለማ።
ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጀሪካኑን አስቀመጥኩ።
ሰይፉን አየሁት። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ፤
ማንሻ አልሠራለትም።
ሰውዬው ባዶ እጁን ቆሟል፣ ሰማዩ እየጠቆረ።
ዕቃዬን አነሳሁ።
ሩብ ይዤ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።